በብር ሰንሰለት የታሰሩት የካፋ ንጉሥ



የደመራው እሳት ከስሞ ምእመናን በአመዱ ግንባራቸውን በትእምርተ መስቀል በሚቀቡበት በዚህ ዕለት ስለ መስቀሉ መገኘት፣ ስለ ቅድስት እሌኒና መንገድ ስላመለከታት የዕጣን ጢስ ብዙ ይነገራል። መስቀሉ ከመክበሩ በፊት ምን እንደ ነበረ ግን እምብዛም አናስታውስም። መስቀል በሮም መንግሥት ዘንድ የሞት ፍርድ መፈጸሚያ እንጨት ነበር። በላዩ የሚሰቀሉትም ነፍስ ያጠፉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከአሳዳሪው የኮበለለ ባሪያም፣ መንገድ የሚዘርፍ ወንበዴም፣ በቄሣር ላይ ያመፀ የተገዥ አገር ሰውም መጨረሻው እርሱ ነበር። ከጌታችን ራስ በላይ የተጻፈው የክስ ቃል የመንግሥትን ነገር እንጂ የነፍስ ግድያን ነገር የሚመለከት አልነበረም። በሁከትና በነፍስ ግድያ ታስሮ የነበረው በርባን ደግሞ በዚያው ዕለት ተፈትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የእሌኒ ልጅ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ለመስቀሉ ክብር ሲል በመስቀል ላይ ሰቅሎ መግደልን ከሮም ሕግ ማስቀረቱን የጥንት የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያስቀረው ግን የአገዳደሉን ዓይነት እንጂ የሞትን ቅጣት አልነበረም።

ነፍስ ያላጠፋ ሰው በሞት ሊቀጣ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በአገራችንም በአንድ የመስከረም ወር በግልጽ ቀርቦ ነበር። ዘመኑ 1890 ዓ.ም. ነው። በአዲሱ ዓመት መባቻ፣ አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን፣ የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለስምንት ወራት ያህል ሲዋጉና በጫካ ሲሸሸጉ ከቆዩ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ጦር እጅ ወደቁ። ጥፋታቸው አልገብርም ማለታቸው ነበር። በዘመኑ ሕግና ልማድ ይህ ጥፋት ሕይወትን የሚያስከፍል ነበር። ዛሬ የምንተርከው የእኚህን ሰው ታሪክ ነው።

የካፋ መንግሥት ከጎጀብ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ደን በለበሱ ተራሮች መካከል ለብዙ ምዕተ ዓመታት ጸንቶ የኖረ መንግሥት ነው። ነገሥታቱ ታቶ ይባሉ ነበር። ከሚንጆ ነገድ የሚወለዱ ሲሆን መቀመጫቸውም ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ። (አንባቢ ይህችን አንድራቻ በዛሬው የሸካ ዞን ከምትገኘው አንድራቻ ጋር እንዳያምታታት እናሳስባለን።) ንጉሡ በሕዝብ ፊት ብዙ የማይታይ፣ ሲመገብም ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚሆን፣ እንደ ቅዱስ ነገር የሚፈራ ሰው ነበር። ሥልጣኑ ግን ልጓም የሌለው አልነበረም፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች በፍርድም በጦርነትም ጉዳይ ከጎኑ ይቀመጡ ነበር።

ለኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች የካፋ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ክርስትና በዚያ አገር የተሰበከው በዐሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን አካባቢ መሆኑ ይታመናል። የቦንጋ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በአካባቢው ትውፊት ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። ከመካከለኛው መንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ ጳጳስም ቄስም ሳይደርስላቸው ጾማቸውንና በዓላቸውን ይዘው የቆዩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ የተቀመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናዊው አባ ማስያስ ይህንኑ የክርስትና ቅሪት አይተው ተደንቀዋል። ከአገሩ በዓላት ሁሉ ታላቅ የሆነውና የዓመት መለወጫ የሚባለው ማሽቃሮም ስሙን ከመስቀል እንደ ወሰደ ሊቃውንት ይናገራሉ። ጋኪ ሸሮቾ የተወለዱትና ያደጉት እንዲህ ባለው አገር ነው፤ መስቀልን የሚያከብር፣ በመንፈስም የሚያምን፣ ሁለቱን አዋሕዶ የሚኖር ሕዝብ።

በ1882 ዓ.ም. አባታቸው ጋሊ ሸሮቾ ሲያርፉ ዘውዱን ጫኑ። ዙፋኑ በወረሱበት ጊዜ ከአገራቸው ዙሪያ ያሉት መንግሥታት አንድ በአንድ ለምኒልክ ገብረው ነበር። የጅማው ንጉሥ ሁለተኛው አባ ጅፋር በሰላም በመገበራቸው መንግሥታቸው አልተነካም። በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና እምቢ ብለው ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ፤ አገራቸውም ብዙ ደም ፈሰሰበት። ጋኪ ሸሮቾ የሁለቱንም ዕጣ አይተዋል። የመረጡት የጦናን መንገድ ነው።

በተራኪነት ሚዛናችንን እንዳንስት፣ ስለ ካፋ የቀድሞ ፍርድም አንድ ነገር መናገር ይገባናል። በካፋ ነገሥታት ዘመን ጥፋተኛን ወደ ባርነት መስጠት የተለመደ ቅጣት ነበር። ሰው ሰርቆ ወይም በሌላ ወንጀል ተፈርዶበት ነጻነቱን ያጣና እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። መንግሥቱም በባሪያ ንግድ ስሙ የታወቀ ነበር። ጋኪ ሸሮቾ ይህን ሥርዓት የወረሱ እንጂ የሻሩ ንጉሥ አልነበሩም። የበደልን ዋጋ በሰው አካል ማስከፈል ካፋም የሚያውቀው ነገር ነበር።

ጦርነቱ የተጀመረው ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1889 ዓ.ም. ነው። ዘመቻውን የመሩት የምኒልክ ዘመድ የሆኑት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡና የጅማው አባ ጅፋር ጦርም በየአቅጣጫቸው ዘመቱ። በኋላ ዘመን ካፋን ሁለት ጊዜ የጎበኘውና ስለ አገሩ ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር የዘማቹን ቁጥር 31,000 ገደማ፣ የያዘውንም ጠመንጃ 20,000 ገደማ ያደርሰዋል። በካፋ በኩል የነበረው ጠመንጃ ሦስት መቶ እንደማይሞላ ይነገራል። የቀረው ጦር፣ ጋሻ፣ ዙሪያውን የተቆፈረው ጥልቅ ቦይና ጫካው ነበር።

እንዲህም ሆኖ ጦርነቱ በአንድ ወር አላለቀም። የካፋ ሰዎች ፊት ለፊት መግጠሙን ትተው በደኑ ውስጥ እየተሸሸጉ ዘማቹን አሰለቹት። ዘማቹ ደግሞ ሰብሉን አቃጠለ፣ ከብቱን ነዳ፣ ሰውን ማረከ፤ ክረምትም ገባ። ንጉሡ ከጫካ ወደ ጫካ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ የንግሥና ልብስ ሳይለብሱ እንደ ተራ ሰው ሆነው ተያዙ።

ስለ አያያዛቸው ብዙ ይተረካል። ንጉሥ በተራ ብረት አይታሰርም በማለታቸው በብር ሰንሰለት መታሰራቸው ይነገራል። ጎጀብን ሲሻገሩ ደግሞ የንግሥና ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወደ ወንዙ መጣላቸውንና የካፋ መንግሥት ከእርሳቸው ጋር ማብቃቱን መናገራቸውን የአገሩ ሽማግሌዎች ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ቀለበቱ በእርግጥ በጎጀብ ግርጌ ይኑር አይኑር የታሪክ ምሁራን ይመርምሩት። ሰውየው ግን ወንዙን የተሻገሩት ሞት ይጠብቀኛል ብለው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ማሰባቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዘመኑ የአገሪቱ ሕግ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ነው። በዐሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል-አሳል ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ሞትን ለነፍስ ገዳይ ብቻ የወሰነ አልነበረም፤ በንጉሥ ላይ መዶለትም ሞት የሚያስፈርድ ነበር። ሆኖም በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ልዩነት አለ። ነፍስ በጠፋ ጊዜ በቀድሞው ልማድ ባለደም አለ። ባለደሙ ገዳዩን ከሶ በዳኛ ፊት ያቆማል። ከተፈረደለትም በኋላ ደሙን ሊመልስ፣ ጉማ ሊቀበል ወይም ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሊምር ይችላል። ዳኛው በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ሰው ነው። በዐመፅ ጊዜ ግን ተበደልሁ ባዩም፣ ከሳሹም፣ ፈራጁም አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ንጉሡ ነው። ነፍስ ላልጠፋበት ወንጀል የሚፈረደው ሞት በየአገሩና በየዘመኑ ከመንግሥት ሥልጣን ጋር የሚያያዘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የሞት ፍርድ እጅግ የሚያስፈራው በዚህ ቦታ እንደ ሆነ ያምናል። በራሱ ነገር ዳኛ የሆነ ሰው ሚዛኑን ለመያዝ እጁ ይንቀጠቀጣልና።

ዐፄ ምኒልክ ጋኪ ሸሮቾን አልገደሉም።

ይህ በአንድ ቀን ርኅራኄ የመጣ ውሳኔ ሳይሆን የቆየ ጠባያቸው ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ወግተው በማረኩ ጊዜ ቁስላቸውን አሳክመው ወደ አገራቸው መልሰዋቸዋል። ጦናንም አልገደሉም። ተቃዋሚን በሕይወት ማኖር ለመንግሥት የሚበጅ ብልሃት እንጂ ጽድቅ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው በሕይወት ሲተርፍ የተራፊው ነፍስ የምሕረት አድራጊውን ሐሳብ አትመረምርም። ከዐርባ ዓመት በኋላ ሌላ ድል አድራጊ አገራችንን በያዘ ጊዜ ያደረገውን ስናስታውስ ልዩነቱ ይጎላል። አቡነ ጴጥሮስ ነፍስ አላጠፉም፤ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ በማስተማራቸው ግን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ለካፋ ጎረቤት በሆነው በኢሉባቦር፣ በጎሬ ከተማ፣ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. ተመሳሳይ ሞት ሞቱ። የፋሺስት ፍርድ ቤትም የጠቀሰው ወንጀል ያው ዐመፅ ነበር።

የጋኪ ሸሮቾ መትረፍ ግን ሙሉ ምሕረት አልነበረም። ነጻነታቸው ዕድሜ ልካቸውን አልተመለሰላቸውም። መጀመሪያ በአንኮበር ታሰሩ፤ ኋላም ወደ ደሴ ተዛወሩ፤ በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ያሰሯቸው ንጉሠ ነገሥት ታመው ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱ ተተኩ፤ እርሳቸውም ተሻሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው ንጉሥ ተብለው ከተሾሙ በኋላ ሞቱ። የካፋው እስረኛ ግን ይህን ሁሉ ዘመን በግዞት ቆይተው፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ያህል እስራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 በአዲስ አበባ ዐረፉ። በሕይወት ያለን እስረኛ በማንኛውም ቀን መፍታት ይቻላል፤ የተገደለን ግን ማንም አይፈታውም። ይህ በር ለጋኪ ሸሮቾ ሃያ ሁለት ዓመት ክፍት ነበር፤ የገባበት ሰው አልተገኘም። በደሉ ይህ ነው ብለን እንናገራለን።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ንጉሣቸው የዳኑለት ሕዝብ ያልዳነ መሆኑ ነው። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ንጉሡ በተማረኩበት ዓመት ካፋን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ሕዝብ ሞልቶበት የነበረው አገር ባዶ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። (ይህ ሰው በኋላ መኮንንነቱን ትቶ በአቶስ ተራራ አባ እንጦንስ ተብሎ መነኮሰ፤ የሞተውም ጋኪ ሸሮቾ ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በገዳዮች እጅ ነው።) ጦርነት፣ ረኀብና በሽታ ካስቀሩት ሕዝብ መካከል ብዙውን የባሪያ ነጋዴ ወሰደው። ከቦንጋ አካባቢ የተነጠቁ ሰዎች ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ ሩቅ ገበያ ተነዱ። ንጉሡ በአንኮበር ተቀምጠው ይህ ወሬ ይድረሳቸው አይድረሳቸው የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄያችን ፊቱን ያዞራል። አልገብርም ያለ ንጉሥ መሞት የለበትም ማለት ይቀላል። ሰውን ሰርቆ የሚሸጥስ? እርሱም ነፍስ አልገደለም ይባላል፤ እናትን ከልጅዋ ለይቶ ግን በሕይወት ሳሉ ቀብሯቸዋል። በኦሪት ሰውን ሰርቆ የሸጠ ይገደል ዘንድ ታዝዟል። የኢትዮጵያ መንግሥትም ጋኪ ሸሮቾ ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህንኑ መንገድ ያዘ። በመስከረም 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ባወጡት ዐዋጅ ሰውን የሸጠና የገዛ በሞት እንዲቀጣ ታወጀ። በዚያው ወር 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ተቀበለች። የባሪያ ንግድ ለአባልነቱ ዋና መሰናክል ስለ ነበር ዐዋጁና አባልነቱ የተያያዙ ናቸው።

የካፋ እናቶች ዕንባ በልቡ ያለ ሰው ይህን ዐዋጅ ሲያነብ ደስ ሊለው ይችላል፤ እኛም ደስታውን አንነቅፍም። ነገር ግን ዐዋጁ ንግዱን በአንድ ጊዜ አላቆመውም። የሞት ዐዋጅ በታወጀበት አገር ባርነት ራሱ በሕግ ፊት አልተሻረም ነበርና፣ ሕጉ መሸጡን በሞት እየቀጣ መያዙን ይፈቅድ ነበር። በ1916 ዓ.ም. የተከተለውም ሕግ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ የሚያደርግ ነበር። የባርነት ሕጋዊነት የተሻረው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህም ሰዎቹን ያዳናቸው ገዳይ ሰይፍ ሳይሆን የሰውን በሰው መያዝ ሕጋዊ ያደርግ የነበረው ሥር መነቀሉ ይመስለናል። ጌታችንም በኦሪት ሕግ በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት ያመጧትን ሴት በፊቱ ባቆሟት ጊዜ ኃጢአቷን ኃጢአት አይደለም አላለም፤ ፈራጆቹን ወደ ራሳቸው ሕሊና መለሳቸው እንጂ።

ይህ ጉዳይ ያለፈ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት በተረሸኑ ጊዜ ከሳሹም ፈራጁም አንድ አካል ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የሞትን ቅጣት ለከባድ ነፍስ ግድያ ብቻ ሳይወስን፣ ለከባድ የአገር ክህደትና በጦርነት ጊዜ ለመኮብለልም አስቀርቶታል። ይሁን እንጂ ፍርዱ በርእሰ ብሔሩ ሳይጸድቅና ምሕረት ወይም ይቅርታ አለመደረጉ ሳይረጋገጥ እንዳይፈጸም፣ በአደባባይም እንዳይሆን ይከለክላል። ነፍስ ባጠፉ ሰዎች ላይ እንኳ ምሕረት ሲደረግ አይተናል፤ በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ከለመኑ በኋላ ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለ ሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸዋል። ገዳዩ ከተማረ፣ ያልገደለውን በሞት መቅጣት በምን ሚዛን ይጸናል?

ወደ ካፋው ንጉሥ እንመለስና ታሪካችንን እንፈጽም። ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ የካፋ ነገሥታት ዘውድም ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ነበር። ወርቅና የሰጎን ላባ ያለበት ይህ ዘውድ ለካፋ ሰዎች የመንግሥታቸው ነፍስ ነበር፤ በአገር ውስጥ እስካለ ድረስ መንግሥቱ ይመለሳል የሚል እምነት እንደ ነበራቸውም ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ ዘውዱን ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ኢልግም ወደ አገሩ ይዞት ሄደ። ዘውዱ በባዕድ አገር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊስን በጎበኙበት ጊዜ ተመልሶላቸው ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

ዛሬ ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆናለች። በየዓመቱ መስከረም የካፋ ሕዝብ በቦንጌ ሻምበቶ ተሰብስቦ ማሽቃሬ ባሮን ያከብራል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ከጎጀብ ወዲህና ወዲያ የመጡ ዘመዳሞች ይጠያየቃሉ። በዚያው ወር፣ በዚያው አደይ አበባ መካከል፣ የመጨረሻው ታቶ ከጫካ ወጥተው የተያዙበት ቀንም ያልፋል።